የዘጠኝ ሰዓት ኪኒን

የካቲት 28 ቀን 2008፣ ሰኞ

ይህ ደብተር ለትምህርት ዕቅድ የተሰጠኝ ነው። ካምና ተርፎ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። «ዓላማ»፣ «ዘዴ»፣ «ግምገማ» የሚሉ ዓምዶች አሉት። እንግዲህ እንዲህ ልሙላው፦ ዓላማ፣ ፈተናውን ማለፍ። ዘዴ፣ ማጥናት፣ ሌላ መላ የለኝም። ግምገማውን ሚያዝያ 29 እናየዋለን።

ዛሬ ሁዳዴ ገባ። እማዬ ገና ከአልጋ ሳልወርድ በሩ ላይ ቆማ «እስከ ዘጠኝ ነው አይደል?» አለችኝ። በየዓመቱ ትጠይቀኛለች። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው፣ እሷ ግን መጠየቋን አልተወችም። «እስከ ዘጠኝ ነው እማዬ» አልኳት።

ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የመምህራን ብቃት ምዘና የሚሉትን ፈተና አምና ተፈትኜ በአራት ነጥብ ወደቅኩ። ውጤቱን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጠፉት፤ የተማሪዎቼ እናቶች ሳይቀሩ ጣታቸውን እያስሄዱ አነበቡት። ዘንድሮም ከወደቅኩ ዳይሬክተራችን አቶ አሻግሬ ከክፍል አውጥቶ መዝገብ ቤት ሊያስቀምጠኝ ነው። ለእኔ አልነገረኝም። ጠመኔ ልወስድ ቢሮው ስደርስ ለሌላ ሰው ሲናገር ሰማሁት። «ከአሰጋሽ የተሻለ ልጅ የሚይዝ የለም፤ ግን ምን ላድርግ፣ ጭንቅላቷ ደክሟል» ይላል። ጠመኔውን ሳልወስድ ተመለስኩና በስባሪ ጻፍኩ።

ከክፍል ከወጣሁ ምን እሆናለሁ? ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

የካቲት 30፣ ረቡዕ

ሊዲያ ለጥናት ይረዳል ያለችኝን ኪኒን አመጣችልኝ። ሊዲያ የሒሳብ መምህርታችን ናት፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በየቀኑ ታክሲ ውስጥ ተኝታ ነው የምትመጣው። ፈተናውን በአንድ ጊዜ አልፋለች። ኪኒኑን እህቷ ከዱባይ ትልክላታለች። ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ላዩ ላይ አንጎል ተሥሎበታል፣ ከአንጎሉ መብረቅ ይወጣል።

«መድኃኒት እንዳይመስልሽ አሱ» አለችኝ። «ከቅጠል ነው የሚሠራው። ጠዋት አንድ፣ ምሳ ላይ አንድ፣ ማታ አንድ። ያነበብሽው ሁሉ አይጠፋሽም።»

«እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ። ጠዋት ምንም ነገር አፌ አይገባም።»

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ዋጫቸዋ። ሆድሽ ውስጥ መገናኘታቸው ይቀራል?»

ሳቅን። ሊዲያ ጴንጤ ናት፤ የጾም ሕግ ሲሆን እኔን ትጠይቀኛለች። የኪኒን ሕግ እኔ እሷን ጠየቅኩ።

መጋቢት 2፣ ዓርብ

ዛሬ ጀመርኩ። እቤት ስደርስ ዘጠኝ ከሩብ ነበር። እማዬ ቡናውን በፔርሙዝ ሞልታ ጠበቀችኝ። ጾም ስፈታ መጀመሪያ የሚያምረኝ ቡና ነው፣ እህል አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ራሴን የሚወቅረኝ እሱን በማጣቴ ነው። ሦስቱን ኪኒን መዳፌ ላይ ደርድሬ በመጀመሪያው ብርጭቆ ዋጥኳቸው። ሁለተኛና ሦስተኛ ብርጭቆ ቡና ደገምኩ። እንጀራ የቀመስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከአሥር ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት አርባ ሰባት ገጽ አነበብኩ። የፈተናው ማጥኛ ሞጁል ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ጭንቅላቷ ደክሟል ያለው ሰውዬ በመስኮት በኩል ባየኝ ብዬ ተመኘሁ።

አሁን ጋደም ብያለሁ፣ እንቅልፍ ግን የለም። የሚገርመው ሌላ ነው። ጆሮዬን ትራስ ላይ ሳደርግ ባቡር ይሰማኛል። ድም፣ ድም፣ ድም፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ ችኩል ብሎ ድምድምድም። አሮጌው ባቡር ከቆመ ስንት ዓመቱ ነው። ቤታችን ከአቃቂ ጣቢያ ጀርባ ስለሆነ ሐዲዱን በመስኮት አየዋለሁ፤ ሣር በቅሎበታል፣ ልጆች ሚዛን ይጫወቱበታል።

አባዬ ገብረጻድቅ የባቡር መሻገሪያ ጠባቂ ነበር። ሰዓት አያምንም። ባቡር ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር ተንበርክኮ ጆሮውን ሐዲዱ ላይ ያስተኛል። አህያ የሚነዱት፣ እንጨት ያዘሉት፣ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጡት ሁሉ ቆመው ይጠብቁታል። ቀና ብሎ «ገና ሩቅ ነው፣ ተሻገሩ» ይላል። ወይም ምንም ሳይናገር ቀዩን ጨርቅ ያነሳል። አንድም ቀን አልተሳሳተም። የሞተው በ1988 ሁዳዴ ነው፣ ጣቢያው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠ፣ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል። ድካም ነው የገደለው። እማዬ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትለው።

ባቡሩ አሁንም እየመጣ ነው። ደስ ይላል። አባዬ ያለ ያለ ይመስለኛል።

መጋቢት 4፣ እሑድ

ከቅዳሴ ወጥተን ረፋድ ላይ በላን። ኪኒኖቹን እንደታዘዙት አንድ አንድ እያልኩ ወሰድኩ። ሰንበት ስለሆነ ጠዋትም ይበላል።

ባቡሩ ትናንትም ዛሬም አልመጣም። ባቡሩም ሰንበት ያከብራል ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ።

መጋቢት 9፣ ዓርብ

የቸኮለ ቀን። የልጆች ደብተር ስልሳ ሦስት። ሦስት ኪኒን። ቡና አራት። ምዕራፍ ሦስት አለቀ። እጄ ትንሽ ይርዳል፣ ጾሙ ነው። ባቡሩ ሰኞ መጥቶ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አለ።

መጋቢት 14፣ ረቡዕ

ከሰዓት በኋላ «ዝናብ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዝናቡ ተበተነ። ከፊት የምትቀመጠው ሚራክል እጇን አወጣች። መልስ ልትሰጥ መስሎኝ ነበር።

«ቲቸር፣ እጅሽ በርዶታል?»

«አዎ በርዶታል» አልኳት። ክፍሉ በፀሐይ ይጋላል። ሚራክል የሹራቧን እጅጌ ወደ ታች ስባ መዳፏን ሸፈነችና «እንዲህ አድርጊው» አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግኩ።

በተማሪ ፊት መዋሸት አልወድም። አንድ ወር ተኩል ነው የቀረው፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን እነግራታለሁ፣ እውነቱ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ሳውቅ።

መጋቢት 20፣ ማክሰኞ

አዚዛ አናደደችኝ። አዚዛ ከሐዲዱ ማዶ ሱቅ ያላት ስልጤ ናት፤ ቡናም ሳሙናም ከእሷ ነው የምንገዛው።

«ቲቸር፣ ከሳሽ» አለችኝ። «ቡናም በሳምንት ሁለቴ መግዛት ጀመርሽ። እንግዳ አለባችሁ?»

የማጠናበትን ነገርኳት። ጠርሙሱ ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበር አሳየኋት፤ መኩራራትም ነበረበት፣ ይቅር ይበለኝ። አገላብጣ አየችው።

«እኔ ደም ብዛት አለብኝ። ረመዳን ሊገባ ሲል ኪኒኔን ይዤ ሐኪም ጋ ነው የምሄደው። ሌሊት ስንት፣ ማፍጠሪያ ላይ ስንት እንደምወስድ እሱ ነው የሚያከፋፍልልኝ። አንቺ ማንን ጠየቅሽ?»

«ሊዲያን።»

«ሊዲያ ሐኪም ናት?»

«የሒሳብ መምህርት ናት» አልኳት። አዚዛ ቡናውን መዘነችና ሰጠችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ደም ብዛት ያለበት ሰው ሐኪም ይጠይቅ። እኔ በሽታ የለብኝም። ሐዲዱን ስሻገር አንድ ጊዜ ቆም ማለት ነበረብኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ዳገት የለውም እዚያ ቦታ።

መጋቢት 25፣ እሑድ፣ ደብረ ዘይት

ሊዲያ መጥታ የአምናውን ጥያቄ በሰዓት ፈተነችኝ። ከማለፊያው ዘጠኝ ነጥብ በላይ። ሁለት ጊዜ አረመችው። «አላልኩሽም?» አለችኝ። አቅፋኝ ሄደች።

ደስታዬን ይዤ ወደ ጓሮ ስሄድ እማዬ ከእትዬ የሺሐረግ ጋር ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። እትዬ የሺሐረግ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። አላዩኝም።

«ይቺ ልጅ አባቷን እየመሰለች ሄደች» አሉ።

«ተይ እስቲ።»

«ከንፈሩ እንዲህ ነበር የሚጠቁረው፣ በመጨረሻዎቹ...»

«ተይ አልኩሽ የሺ።»

ከዚያ ስለ ጎመኑ አወሩ። አባዬን መምሰሌ ምን ክፋት አለው? ቁመናው ያምር ነበር። ኩል እንደተኳሉት ያለ ዓይን ነበረው።

ዛሬም ሰንበት ነው፣ ጆሮዬ ጸጥ ብሏል። ልንገርህ ደብተሬ፣ ባቡሩ ናፈቀኝ።

ሚያዝያ 5፣ ረቡዕ

አራት አደረግኩት። ሦስቱ ለምደውኛል፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ወለል አይልልኝም። ቡናውንም ወፈር አድርጌ።

ስታፍ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጬ ልቤ ዘለለች። አንዴ ቆም፣ ከዚያ ደፍ። ሰው ደረጃ ስቶ እንደሚረግጥ። አቶ አሻግሬ «መምህርት፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። «ደህና ነኝ» አልኩ። እሱ ፊት ምን ልበል። ደክሟል ይበለኝ?

ሚያዝያ 12፣ ረቡዕ

ዛሬ እሠራለሁ ብዬ ሞጁሉን ዘርግቼ፣ ተኛሁ ወይስ አልተኛሁም፣ አላውቅም። ዓይኔ ተገልጦ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ የመስኮቱ ብርሃን ብርቱካን ነበር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ።

ባቡሩ ከሣሩ ውስጥ መጣ። ድምፁን ቀድሜ አውቀዋለሁ፣ ስመለከተው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ፉርጎዎቹ ረጃጅም ናቸው፤ በየመስኮቱ ሦስተኛ ክፍሎቼ ተቀምጠዋል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኳቸው ሁሉ፣ ትልልቅ የሆኑትም ጭምር በዚያች በልጅነት ዩኒፎርማቸው። ሁሉም አጎንብሰው ይጽፋሉ። ማንም ቀና አላለም። መሬቱ በሹክሹክታ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል።

አባዬ መሻገሪያው ላይ ቆሟል። ቀዩ ጨርቅ ትከሻው ላይ ነው፣ አላነሳውም። ከጾም በፊት እንደነበረው ወፍራም ነው። «አሰጉ፣ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። እሱ ሰዓት ጠይቆ አያውቅም። ክንዴ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። «ዘጠኝ ከሩብ» አልኩት።

«እንግዲያማ ደርሷል» አለ።

ልሻገር ስል እማዬ ትከሻዬን ነካች። ቆማ ስታየኝ የቆየች ይመስለኛል። ጉንጬን በአይበሉባዋ ዳሰሰችኝና «ላብ በላብ ነሽ» አለችኝ። ከዚያ ዓይኗ ጠርሙሱ ላይ አረፈ። እኔም ቶሎ ብዬ ሞጁሉ ሥር ከተትኩት፤ በአርባ ሁለት ዓመቴ እንደ ልጅ።

ሚያዝያ 18፣ ማክሰኞ፣ ሰሙነ ሕማማት

ፈተናው አሥራ አንድ ቀን ቀረው። ስግደቱ አድክሞኛል። ጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት ቀርቷል፤ ለመጨረሻው ሳምንት እንዲበቃኝ ማሰብ አለብኝ። ዓርብ ስቅለት ነው። እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ምንም አይቀመስም፣ ማለትም ያ ቀን ለጥናት ሙት ነው። አንድ ሙሉ ቀን። አንድ ሙሉ ቀን ማቃጠል አልችልም።

አስቤበታለሁ። የማስበውን ግን እዚህም አልጽፈውም።

ሚያዝያ 22፣ ቅዳሜ

የምጽፈው ሆስፒታል ተኝቼ ነው። ደብተሩን ያመጣችልኝ እማዬ ናት። እንዳላነበበችው ታውቃለህ፣ ማንበብ አትችልም፤ እሷን ማስተማር ሳስብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

ትናንት የሆነውን በእውነት ልጻፈው። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እማዬ ሳትነሳ፣ የሐሙስ ማታ ቡና የተረፈበትን ፔርሙዝ ከቁም ሳጥን ጀርባ አወጣሁ። እዚያ የደበቅኩት እኔ ነኝ። በስቅለት ዕለት፣ ቆሜ፣ አራት ኪኒን በቀዝቃዛ ቡና ዋጥኩ። ፔርሙዙን በከንፈሬ ነው የጨለጥኩት፣ ብርጭቆ እንዳይንቃጨል ብዬ። ሁለት ሰዓት አነበብኩ። ከዚያ ነጠላዬን ለብሼ ከእናቴ ጋር እንደ ጾመኛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ግቢው ሞልቶ ነበር። ሰገድኩ። እስከ መቶ ቆጥሬ ተውኩት። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ ነጠላው ሁሉ ነጭ ነው፣ ሕዝቡ ሲወርድና ሲነሳ ዓይኔ ዋለለ። ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ባቡሩ ይሰማኛል፤ በነካ ቁጥር ይቀርባል። ስምንት ሰዓት ግድም ግንባሬን አስነክቼ መነሳት አቃተኝ። ባቡሩ ደረቴ ውስጥ ገባ። ሐዲዱን የሳተ ነበር፣ አንድ ላይ የሚሄድ ነገር አልነበረውም። ፈራሁ። ይህን በቀጥታ ልጻፈው፦ ሞት ነው ብዬ ፈራሁ፣ ፈተናው ትዝም አላለኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ጭንቅላቴ እማዬ ጭን ላይ ነበር። ከአንዷ ሴት የጸበል ጠርሙስ ተቀብላ ውሃ ወደ ከንፈሬ አስጠጋች። እናቴ፣ በስቅለት፣ በስምንት ሰዓት፣ ሕዝብ እያያት።

«ጾም ነኝ» አልኳት።

እንዲህ አልኳት። አፌ ቡና ቡና እየሸተተ።

እማዬ ወደ አፌ ጎንበስ ብላ ስለነበር ሸቷታል። ፊቷ አልተለወጠም። «ጠጪ ልጄ» ብቻ ነው ያለችኝ። ጠጣሁ።

ሆስፒታል ደረቴ ላይ ገመድ ለጣጥፈው ወረቀት አወጡ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። «የልብዎ ምት ተዛብቷል፣ በጣምም ይፈጥናል። የወሰዱት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የለም» አልኩ።

እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ጠርሙሱ እዚያ ውስጥ ነበር። መቼ እንደወሰደችው አላውቅም። ሐኪሙ አገላብጦ አነበበው፤ እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት መምህርነቴ ያላነበብኳትን ደቃቅ ጽሑፍ።

«የገባበትን ሁሉ በትክክል አልጻፉትም። ካፌይን እንዳለበት ግን ተጽፏል። ይህ ማለት ቡናን በቡና ነበር የሚወስዱት። ስንት ስንት?»

«የቀኑን ባንድ ላይ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ጾም ስለሆነ...»

«በባዶ ሆድ?»

አንሶላውን እስከ አገጬ ሳብኩ።

«በቤተሰብ የልብ ሕመም ነበረ?»

«የለም። አባቴ በድካም ነው...»

«በልቡ ነው» አለች እማዬ። ግድግዳውን እያየች ነበር። «ሐኪም የልቡን ኪኒን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ብሎት ነበር። ሁዳዴ ሲገባ እኔ ነኝ የጠዋቱን ለዘጠኝ ሰዓት አቆይልሃለሁ ያልኩት። እሱ እሺ አለ። የንስሐ አባታችን ቢጠየቁ ለሕመምተኛ ይፈቅዱ ነበር። አልጠየቅንም። ያፈርን ይመስለኛል።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «የእሳቸው ሞት በዚያ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም እማማ» አላት። እማዬ ራሷን ነቀነቀች፣ ሃያ ዓመት ያመነችውን ግን በአንድ ቃል የምትጥል አትመስልም።

በየዓመቱ «እስከ ዘጠኝ ነው አይደል?» የምትለኝ፣ አንድ ቀን «አይደለም» እንድላት ኖሯል።

ሚያዝያ 25፣ ማክሰኞ

ትናንት ወደ ቤት መለሱኝ። የልብ ኪኒን ተሰጠኝ፤ ይኼኛው የሐኪም ነው፣ ጠዋት ከቁርስ ጋር። ቡና ለጊዜው የለም። ራሴ ይወቅረኛል፣ ይወቅረው።

ሊዲያ መጥታ አለቀሰች። ለካ እሷም ታክሲ ውስጥ የምትተኛው በኪኒኑ ምክንያት ሌሊቱን እንቅልፍ ስለማይወስዳት ነው። ያላትን ጠርሙስ ይዛ ሐኪም ጋ እንድትሄድ አስማልኳት። አዚዛ ብርቱካን ልካለች። «አንቺ ማንን ጠየቅሽ» አላለችም።

ያጠናሁት ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። ገጾቹን ስገልጥ ሌላ ሰው ያሰመረባቸው ይመስላሉ።

ሚያዝያ 29፣ ቅዳሜ

ሳሪስ ተፈተንኩ። እንቁላል በልቼ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ ያለ ምንም። አንዳንዱን ጥያቄ አወቅኩት፣ አንዳንዱን ከልጆቼ ጋር ካሳለፍኩት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውጥቼ መለስኩት። አምስቱን ክፍት ተውኳቸው። ውጤቱ ሰኔ ላይ ይለጠፋል፣ በዚያው በር ላይ። ብወድቅ መዝገብ ቤት እገባለሁ። ሳስበው አሁንም እፈራለሁ፣ አልዋሽም። ሚራክል ሐሙስ ዕለት ክፍል ስመለስ እጄን ይዛ ስታየው ቆየችና «ሞቀው» አለችኝ።

እቤት ስደርስ ዘጠኝ ከሩብ ነበር። እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። እንዴት ነበር አላለችኝም፣ አለፍሽ ወይ አላለችኝም። «ነይ እስቲ ጋደም በይ» አለችኝ።

ጋደም አልኩ። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ ጆሮዋን ደረቴ ላይ አስተኛች። ጉልበቷ እንደሚያማት አውቃለሁ። በመስኮቱ ሐዲዱ ይታያል፣ ሣሩ አድጓል።

«ምን ይላል እማዬ?»

«ዝም በይ፣ ልስማ።»

ብዙ ቆየች። የተኛች መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ገና ሩቅ ነው» አለችኝ።